በየማለዳው የሚጠብቀኝ የማይፈለግ ኢሜይል ልቤን እያሻከረው ነው፤ እናንተ እንዴት ትረጋጋላችሁ?

ጠያቂ፦ አርታዒዋ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የኮምፒውተር ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሹ የልብ ጉዳይ ስለ ሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፈው ታገሡኝ።

በግሌ የምሠራ የጽሑፍ አርታዒ ነኝ። መጻሕፍትን፣ የመመረቂያ ጥናቶችን፣ አልፎ አልፎም የድርጅት ሪፖርቶችን አርማለሁ። ሥራ የሚመጣልኝ በኢሜይል ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ከማላውቃቸው ሰዎች። ስለዚህ «የማታውቂውን ሁሉ አግጂ» የሚለው ምክር ለእኔ አይሠራም፤ መተዳደሪያዬ የማላውቀው ሰው ደብዳቤ ነው። አድራሻዬን በድረ ገጼ ላይ ካወጣሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን ሁለት ወይም ሦስት የማይፈለግ መልእክት ይመጣ ነበር። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ 63 ሆኑ። ከእነርሱ 41ዱን ማጣሪያው ራሱ ወደ አይፈለጌ መልእክት ማኅደር ወስዷቸዋል። የቀሩት 22 ገቢ ሳጥኔ ውስጥ ከእውነተኞቹ ደብዳቤዎች ጋር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል።

ምን ምን እንደ ነበሩ ልንገራችሁ። ድረ ገጽሽን በፍለጋ ውጤት አንደኛ አደርግልሻለሁ የሚል ሰው አለ፤ ዝም ስለው «ያለፈውን መልእክቴን አይተሽው ይሆን?» እያለ አራት ጊዜ ተመላልሷል። ላላዘዝኩት ዕቃ የመጣ የክፍያ መጠየቂያ አለ። የመልእክት ሳጥንሽ ሞልቷል፣ እዚህ ተጭነሽ አስፊው የሚል አለ። ከሁሉ የከፋው በርዕሱ ላይ የይለፍ ቃሌን ጽፎ የመጣው ነው። በኮምፒውተርሽ ካሜራ ቀርጬሻለሁ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ በቢትኮይን ካልከፈልሽ ለምታውቂያቸው ሁሉ እልከዋለሁ ይላል። የይለፍ ቃሉ የድሮ ቢሆንም በእርግጥ የእኔ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚህ ላይ ካለፈው ወር ጀምሮ «የላኩት ደብዳቤ አልደረሰም» የሚሉ ማሳሰቢያዎች እየጎረፉልኝ ነው፤ እኔ ግን አንዱንም አልላክሁም።

እናደዳለሁ። ቀኑን ሙሉ የማይለቀኝ ንዴት ነው። ለአንዳንዶቹ መልስ እጽፋለሁ፤ አንድ ጊዜ ለዚያ ለተመላላሹ ሰው ቃላቱን እየመረጥሁ ሙሉ ገጽ ጻፍሁለት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ወደዚህ ያመጣኝ ግን ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት ንዴቴ ገንፍሎ ገጹን በሙሉ መርጬ ሰረዝሁት። በዘጠነኛው ቀን ከአንድ ተማሪ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ባለፈው ስለ ጥናቴ ጽፌልዎት ነበር፤ ምናልባት አዲስ ሥራ አይቀበሉ ይሆናል፤ ስላስቸገርሁዎት ይቅርታ» ይላል። ጥናቱን የሚያስረክብበት ቀን አልፎ ነበር። የመጀመሪያ ደብዳቤውን የሰረዝሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የጠየቀው ግን እርሱ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። አድራሻዬን አሳልፎ የሰጠ ሰው ይኖር ይሆን? ለምን እኔ? ደግሞስ በየቀኑ እንዲህ እየተመታችሁ ሳትናደዱ እንዴት ትውላላችሁ?


መልስ፦ ማለዳ ሠራተኛ

አይዞሽ። እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የስልኬን የኢሜይል ማሳወቂያ ዘጋሁት፤ ኢሜይሌንም የምከፍተው ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ነው። የቀኑን ዋና ሥራ ከጀመርሁ በኋላ ስከፍተው ያው ስልሳ መልእክት የስልሳ መልእክት ክብደት አይኖረውም። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሣ ባየው ግን አንዱ እንኳ ቀኔን ያጠለሽብኛል። ስለ ቴክኒኩ የሚያውቁ ሰዎች ይመልሱልሽ። እኔ የምለምንሽ ስትናደጂ ምንም ነገር እንዳትሰርዢ ብቻ ነው።


መልስ፦ የሰርቨር ጠባቂ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 19 ዓመት ያህል ወደ ስምንት መቶ ሠራተኞች ባሉት አንድ መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨር ኃላፊ ነበርሁ። የአንቺን ዓይነት ንዴት የስምንት መቶ ሰው አድርጌ ተሸክሜዋለሁ ማለት እችላለሁ። ከሚያስፈራሽ ልጀምር።

ስላልላክሻቸው ደብዳቤዎች፦ የኢሜይል መላላኪያ ደንብ ዛሬ በምንጠቀምበት መልክ የተጻፈው በ1982 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የጻፉት ጆን ፖስቴል የሚባሉ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ መረቡ ላይ የነበሩት እርስ በርስ የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ስለ ነበሩ «ላኪ» በሚለው ቦታ ላይ ማን ምን እንደሚጽፍ የሚያጣራ ነገር አልተበጀለትም። በፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን ስም ጽፎ ሳጥን ውስጥ እንደ መክተት ነው። አንድ አጭበርባሪ ያንቺን አድራሻ በላኪነት ጽፎ ለብዙ ሺህ ሰዎች ልኳል፤ ያልደረሱት ደግሞ ፖስታው ላይ ወደ ተጻፈው ስም፣ ማለትም ወደ አንቺ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ያህል የተላኩ ደብዳቤዎች ማኅደርሽን ተመልከቺ፤ በቅንብሩ ውስጥ ደብዳቤሽን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ አንቺ የማታውቂው ትእዛዝ እንዳይኖር እይ፤ በቅርቡ ወደ ሳጥንሽ ከየትኞቹ መሣሪያዎች እንደ ተገባም አረጋግጪ። ንጹሕ ከሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጭበርባሪው ወደ ሌላ ስም ይዛወራል፤ ማሳሰቢያውም ይቆማል።

ድረ ገጽሽ በራስሽ የጎራ ስም (ዶሜይን) ላይ ከሆነ፣ ኢሜይልሽም በዚያው ስም ከሆነ፣ የሚያስተናግድሽን ድርጅት ሦስት ነገሮች ጠይቂ፦ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ። ሦስቱም በአንቺ ስም መላክ የተፈቀደለት ማን እንደ ሆነ ለተቀባዩ ሰርቨር የሚያሳውቁ ናቸው። የ1982ቱን ክፍተት ለመድፈን ቆይተው የመጡ ማኅተሞች ናቸው በያቸው።

የይለፍ ቃልሽን ይዞ ስለ መጣው፦ ካሜራሽን ማንም አልነካውም። ከዓመታት በፊት የተመዘገብሽበት አንድ ድረ ገጽ ተዘርፎ፣ የአድራሻና የይለፍ ቃል ዝርዝሩ በወንጀለኞች መካከል ሲሸጥ ኖሯል። ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ ይህንኑ ዝርዝር ወደ አንድ ዓይነት የማስፈራሪያ ደብዳቤ የሚሞላ ፕሮግራም በዓለም ሁሉ ሲሠራ ቆይቷል። ደብዳቤውን የተቀበሉ ካሜራ የሌለው ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎችም ነበሩ። አድራሻሽ በየትኛው ዝርፊያ እንደ ወጣ ለማየት ትሮይ ሀንት የተባሉት የደኅንነት ባለሙያ በ2013 ያቋቋሙትን ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ የተባለ ነጻ አገልግሎት ጠይቂ። ያ የይለፍ ቃል ዛሬም የሆነ ቦታ የሚሠራ ከሆነ ቀይሪው፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቅ ሁለተኛ ማረጋገጫም አክዪበት። ከዚያ ደብዳቤውን ሰርዢና እርሺው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ለምን አንቺ?

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። የሰርቨሩን መዝገብ ሌሊት ሌሊት የማነብበት ጊዜ ነበር፤ እንደ አንቺ ተናድጄ፣ ላኪዎቹን አንድ በአንድ ለማገድ። ከውጭ የሚመጡት ፕሮግራሞች የሰው ስሞችን በፊደል ተራ እየደረደሩ ይሞክራሉ። ተቀባዩ ካለ ደብዳቤው ይገባል፤ ከሌለ ሰርቨሩ 550 ብሎ ይመልሳል፤ «እንዲህ ያለ ተቀባይ የለም» ማለት ነው። አንድ ሌሊት በእነዚያ መስመሮች መካከል የአንድ ባልደረባዬን ስም አየሁ። በመዝገብ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ጸጥ ያለ፣ የሁሉ ወዳጅ የሆነ ሰው ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የመልእክት ሳጥኑን የዘጋሁት እኔው ነኝ። በማግስቱም ስሙን አየሁት። ያለፉትን ወራት መዝገብ ወደ ኋላ ብመለከት ሌሊት ሌሊት ይጠሩታል፤ ሰርቨሩም በየሌሊቱ 550 ይላል። አንዱ ልዩ ቅናሽ ሊሰጠው፣ አንዱ ሊያስፈራራው፣ አንዱ የሎተሪ ዕጣ ወጥቶልሃል ሊለው።

እዚያ ወንበር ላይ እንዳለሁ ንዴቴ በረደ። ምክንያቱም ከዚያ ሌሊት በፊት፣ ሳላስተውለው፣ ከደብዳቤው ወዲያ ማዶ ሰው ተቀምጦ እኛን እያሰበ የሚልክ ይመስለኝ ነበር። የሚናቅ፣ የሚሰደብ፣ ሊያፍር የሚችል ሰው። የሚጠራውን ሰው መሞት እንኳ የማያውቅ ነገር ላይ ግን ምን ብዬ ልቆጣ? ደብዳቤው ወደ አንቺ ሳጥን መጣ እንጂ ወደ አንቺ አልተጻፈም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይላል። በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይና የሳንዲያጎ ተመራማሪዎች የአጭበርባሪዎች መረብ ውስጥ ገብተው የመድኃኒት ማስታወቂያ ኢሜይሎችን ውጤት ለኩ። በ26 ቀናት ውስጥ ወደ 350 ሚሊዮን የሚጠጉ መልእክቶች ተላኩ፤ ለመግዛት የሞከሩት 28 ሰዎች ነበሩ። ላኪው የሚኖረው በእነዚያ 28 ሰዎች ነው። ሌሎቻችን ለእርሱ የለንም። ለመላክ የሚያወጣው ወጪ ከምንም የማይቆጠር ስለ ሆነ ዝርዝሩን የሚያጸዳበት፣ ያንቺን ስም የሚያወጣበት ምክንያትም የለውም። መልስ ስትጽፊለት ግን አንድ ነገር ይማራል፤ አድራሻው ሕያው ነው፣ የሚያነብም ሰው አለው። ከዚያ ቁጣሽ በኋላ የጨመረብሽ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አድራሻሽን አሳልፎ የሰጠ ወዳጅ አትፈልጊ። በግልጽ ድረ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል፤ አድራሻ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች ደግሞ ሌሊትና ቀን ይዞራሉ። ለሥራሽ ስትዪ በር ከፍተሻል፤ በተከፈተ በር አቧራም ይገባል።

ይቆም ይሆን ብለሽ እንዳትጠብቂ። በሜይ 1978 ጌሪ ቱርክ የተባሉ የአንድ ኮምፒውተር አምራች ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ ለአዲስ ኮምፒውተር ትርዒት ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው መረብ) ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ግብዣ ላኩ፤ የመጀመሪያው የማይፈለግ የጅምላ ኢሜይል እርሱ ነው፤ ቁጣውም ወዲያው ተጀመረ። በጃንዋሪ 2004 ቢል ጌትስ በዳቮስ ጉባኤ ላይ ችግሩ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚፈታ ተናግረው ነበር። በኖቬምበር 2008 ብዙ የአጭበርባሪ መረቦች የሚታዘዙበት አንድ የካሊፎርኒያ አስተናጋጅ ድርጅት ከኢንተርኔት ሲቋረጥ በዓለም ላይ የሚላከው አይፈለጌ መልእክት በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ወደቀ። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። የሚያልቅበትን ቀን እየጠበቁ መኖር ራሱ ትልቅ ድካም ስለ ሆነ ነው።


መልስ፦ የእህት ልጅ

የሰርቨር ጠባቂ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። «አትናደዱ» የሚለውን ቃል ስሰማ እኔ የምሰማው «ዝም በሉ» የሚል ነው።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ 32 ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ቁጥር አይሸውዳትም፣ ሰውም በቀላሉ አይሸውዳትም። ባለፈው ዓመት ከባንኳ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሳት። ሒሳብሽ ላይ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ታይቷል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማንነትሽን ካላረጋገጥሽ ይዘጋል ይላል። መድኃኒት ለመግዛት ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ተጫነችው፤ የተጠየቀችውን ሞላች፤ በስልኳ የመጣውንም ቁጥር አስገባች። እስከ ማታ ድረስ የዓመታት ቁጠባዋ አልነበረም። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳት ኀፍረቱ ነው። ለእኛ የነገረችን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ብቻዋን ይዛው ከረመች።

ስለዚህ ለእኔ ይህ በተከፈተ በር የሚገባ አቧራ አይደለም። በዚያ ማዶ ሰው አለ፤ የአክስቴን ገንዘብ ያወጣ እጅ አለ። በዚህ መናደድ ትክክል ነው፤ ሁላችንም ባንናደድ ኖሮ ማጣሪያም፣ ሕግም፣ ክስም ባልኖረ ነበር።


መልስ፦ የሰርቨር ጠባቂ

ልክ ነህ፤ አቧራ ያልሁትን አንሥቻለሁ። ለማስታወቂያው ይሆን ይሆናል፤ አክስትህን ለዘረፈው አይሆንም። በአክስትህ ላይ በደረሰው ከልቤ አዝናለሁ።

ነገር ግን እስቲ የደረሳትን ደብዳቤ እንደገና እንየው። ባንክ ይላል፣ ማንነት ይላል፤ ሥራውን የሠራው ግን «በሁለት ሰዓት ውስጥ» የሚለው ነው። እርሷ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚሰርቁት መጀመሪያ ጊዜን ነው፤ ገንዘቡ ቀጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ሰው በችኮላ፣ በፍርሃት ወይም በንዴት ውስጥ ሆኖ ሳጥኑን ሲከፍት በር ላይ ማንም የለም ማለት ነው። መረጋጋት የምለው ይህን በር የሚጠብቀውን ነው። ዝም ማለትን አላልሁም።

በመሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞች ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ደንብ ነበረኝ፤ ደብዳቤው በከፈተላችሁ መንገድ አትሂዱ። ባንኩ ከሆነ ደብዳቤውን ዝጋና የባንኩን አድራሻ ራስህ ጻፍ፤ ወይም በካርድህ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውል። አለቃህ ከሆነ ተነሥተህ ወደ ቢሮው ሂድ። የእውነት ጉዳይ ከሆነ በራስህ መንገድ ስትደርስም እዚያው ይጠብቅሃል፤ ውሸት ከሆነ በመንገድ ላይ ይቀራል። ምልክት እየፈለጋችሁ ደብዳቤውን መርምሩ የሚለውን ምክር ግን እኔ ትቼዋለሁ። ድሮ በቋንቋ ስሕተታቸው እንለያቸው ነበር፤ ዛሬ አርታዒዋን የሚያስደስት ንጹሕ ጽሑፍ ይጽፋሉ።

ለአክስትህ ደግሞ ይህን ንገርልኝ። በሥራ ዘመኔ በእንዲህ ያለ ደብዳቤ የተያዙ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ከእነርሱ መካከል የእኔው ክፍል ባለሙያ ይገኝበታል። ወዲያው መጥቶ ስለ ነገረኝ በሩብ ሰዓት ውስጥ የይለፍ ቃሉን ቀየርንለት፤ ምንም አልጠፋም። እርሱን ያዳነው ሳያፍር መናገሩ ነው። ማንም አጠገቧ ሆኖ «ቶሎ ንገሪን፣ አንቆጣም» ብሏት ቢሆን ኖሮ ከሁለት ወር በፊት ትነግራችሁ ነበር።


መልስ፦ የዜና መልእክት አዘጋጅ

ከሌላው ወገን ልናገር፤ ሥራዬ ለተመዘገቡ አንባቢዎች የጅምላ ኢሜይል መላክ ነው። አርታዒዋ፣ ገቢ ሳጥንሽ ውስጥ የቀሩትን 22ቱን አንድ ዓይነት አድርገሽ አትያቸው።

አንዳንዶቹ አንድ ቀን ዕቃ ስትገዢ ወይም ስትመዘገቢ ሳታስተውዪ የተቀበልሻቸው ናቸው። ለእነዚህ «ከምዝገባ ውጣ» የሚለው ይሠራል። በአሜሪካ በ2003 በወጣው ሕግ ላኪው ጥያቄሽን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ጉግልና ያሁ የማስታወቂያ ኢሜይል በብዛት የሚልኩ ሁሉ በአንድ መጫን የሚያስወጣ ቁልፍ እንዲያኖሩ አስገድደዋል። ስለዚህ ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን አገናኝ ከመፈለግ ይልቅ የኢሜይል ፕሮግራምሽ ራሱ ከላኪው ስም አጠገብ የሚያሳይሽን ቁልፍ ተጠቀሚ።

ጭራሽ የማታውቂው ላኪ ከሆነ ግን ከምዝገባ ውጣ አትበዪ፤ አይፈለጌ ነው ብለሽ ሪፖርት አድርጊ። የእህት ልጅ የጠየቀው ንዴት እዚህ ላይ ጥቅም ይሰጣል። የጉግል ደንብ የላኪው ቅሬታ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል፤ ከሺህ ሰው ሦስት ማለት ነው። እኛ በሥራ ቦታችን ያን ቁጥር በየማለዳው እናያለን፤ በጣም እንፈራዋለንም። አንድ ጊዜ መጫንሽ ለላኪው ከጻፍሽለት ሙሉ ገጽ ይልቅ ይሰማል።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። በፈቃድሽ የተመዘገብሽበትን ሲሰለችሽ አይፈለጌ ብለሽ አትክሰሺው፤ ውጪ ብቻ። ማጣሪያው ከእጅሽ የሚማረው ነገር ትክክል እንዲሆን ነው።


ጠያቂ፦ አርታዒዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልስ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት የቆየሁት ያላችሁኝን ሳላደርግ መመለስ ስላልፈለግሁ ነው።

የተላኩ ደብዳቤዎች ማኅደሬ ንጹሕ ነው፤ የማላውቀው የማስተላለፊያ ትእዛዝም የለም። ሦስቱን ማኅተሞች አስተናጋጁ ድርጅት በአንድ ቀን ውስጥ አስገባልኝ። የማሳሰቢያዎቹ ጎርፍ አሁን ቆሟል። ያ የይለፍ ቃል በአንድ የድሮ የፎቶ ማስቀመጫ ላይ ገና ይሠራ ነበር፤ ቀየርሁት። በድረ ገጼ ላይ ለሥራ ጥያቄ ብቻ የሚሆን ሌላ አድራሻ አወጣሁ፤ «በርዕሱ ላይ የጽሑፍዎን ዓይነት ይጻፉልኝ» የሚል አንድ መስመርም ጨመርሁ። የድሮውን አልዘጋሁትም፤ ከዓመታት በፊት አድራሻዬን በወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል ብዬ ነው።

ጋሼ፣ ስለ ባልደረባዎ የጻፉልኝን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ቀን ያህል ሳጥኔን ስከፍት ስለ እርሱ አስብ ነበር። ተመላላሹ ሰው ለአምስተኛ ጊዜ ሲጽፍልኝ «ማንን ነው የምትጠራው?» አልሁ በልቤ፤ እናም መልስ ለመጻፍ እጄ አልተነሣም። ሪፖርት አደረግሁና ወደ ቀጣዩ አለፍሁ። ዛሬ ጠዋት 58 ነበሩ። ብዛቱ ብዙም አልተለወጠም፤ ለማጣራት የፈጀብኝ ግን ስምንት ደቂቃ ነው። የምከፍተውም ረፋድ ላይ ነው፤ ማለዳ ሠራተኛ፣ ይህ ምክርሽ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሠራልኝ።

የእህት ልጅ፣ የአክስትህን ታሪክ ለእናቴ አነበብሁላት። እናቴ ዝም ብላ ሰማችና ስልኳን አውጥታ አንድ መልእክት አሳየችኝ፤ አራት ቀን ይዛው ነበር። አልተጫነችውም፤ ግን ልትጠይቀኝ አፍራ ነበር። አክስትህ ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል።

ለተማሪው ጻፍሁለት። ደብዳቤውን ሳላነብ የሰረዝሁት እኔ እንደ ሆንሁ በግልጽ ነገርሁት። ጥናቱን ሳይታረም አስረክቦ አልፏል፤ አሁን ለመጽሔት ሊያሳጥረው ስለሚፈልግ ያንን ያለ ክፍያ እንድሠራለት ለመንሁት፤ እሺ አለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂሜይል አይፈለጌ ማኅደር ውስጥ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ እንደሚያጠፋው ስላወቅሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማኅደሩን የላኪዎቹን ስም ብቻ እያየሁ ወደ ታች አነብባለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከሎተሪ ዕጣና ከክፍያ መጠየቂያ መካከል ርዕሱ «እባክዎን» ብቻ የሚል አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። የጻፉት የ81 ዓመት ሰው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን በእጅ ጽፈው የልጅ ልጃቸው በኮምፒውተር ገልብጣላቸዋለች፤ የሚያርምላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ደብዳቤው 26 ቀን እዚያ ተቀምጦ ነበር። የዚያኑ ዕለት መለስሁላቸው። የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ትናንት ደረሱኝ።